የቤት ውስጥ ጭስ፣ የእህል አቧራና አስም
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በድሬ ጠያራ ወረዳ ስለ ማሽላ አቀማመጥ ለማስተማር ከቤት ወደ ቤት ስንዞር አንዲት እናት እቤታቸው አስገቡን። ማሽላው በጆንያ ሆኖ ከመኝታው አጠገብ እስከ ጣሪያው ሥር ተደርድሯል። በላዩ ላይ የነቀዝ መድኃኒት ዱቄት ተነስንሷል። በወዲያኛው ጥግ በሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ተጥዷል፤ ከበሩ በስተቀር ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ የለም። እኛ ጆንያውን እያገላበጥን የነቀዙን ብዛት ስንመረምር፣ ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጃቸው መደብ ላይ ተቀምጦ በትከሻው ይተነፍስ ነበር። ደረቱ ሲር ሲር ሲል ከበሩ ድረስ ይሰማል። እናቱ ምርመራችንን እስክንጨርስ ታግሠው ቆዩና፣ «እናንተ የእህሉን መድኃኒት የምታውቁ ናችሁ፤ ይህን ልጅ የሚያፍነው እሱ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁን።

መልስ አልነበረንም። እህሉ ከአይጥና ከሌባ እንዲጠበቅ ወደ ቤት እንዲገባ፣ መድኃኒቱም እንዲነሰነስ የመከርነው ግን እኛው ነበርን። ምክሩ ለእህሉ ትክክል ነበር፤ በዚያው ክፍል ሰው እንደሚያድርበት ግን አላሰብንም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀን ላልመለስነው ጥያቄ የተዘጋጀ ነው።

አስም የሐኪም ጉዳይ ነው፣ የእርሻ ሠራተኛን ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሕመሙን መመርመርና መድኃኒት ማዘዝ በእርግጥ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ነገር ግን በገጠር ቤት ውስጥ ሕመሙን የሚቀሰቅሱት ነገሮች አንድ በአንድ ቢቆጠሩ አብዛኞቹ ከእርሻው የመጡ ናቸው። ማገዶው የማሽላ አገዳ ወይም ኩበት ነው፤ አቧራው የእህል ነው፤ ሻጋታው ከጎተራና ከጉድጓድ የወጣ ነው፤ መርዙ የነቀዝ መድኃኒት ነው፤ ጠጉሩና ሽንቱ የከብት ነው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተሠማራችው ባልደረባችን «ቤታችሁን ከጭስና ከአቧራ ጠብቁ» ብላ ስታስተምር፣ ገበሬው «ታዲያ እህሉን የት ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቃት መልሱ ያለው በእኛ ዘንድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሠራተኞች በአንድነት ካልሠሩ ትምህርቱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ድሬ ጠያራ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ ሲሆን ስሙ በኦሮምኛ የአውሮፕላን ሜዳ ማለት ነው። ገበሬው ማሽላ፣ በቆሎ፣ ጫት፣ አትክልትና ኦቾሎኒ ያመርታል፤ በሬ አስሮ ያደልባል። ሐረር ከተማ ቅርብ በመሆኑ እህሉም ማገዶውም ወደ ከተማው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው አብዛኛው ነገር በጁገል ግንብ ውስጥ ለሚኖረውም ሰው ይሆናል።

አስም ምንድን ነው?

አስም በሳንባ ውስጥ የሚገኙት የአየር ቧንቧዎች ለረጅም ጊዜ በመቆጣታቸው የሚመጣ ሕመም ነው። የተቆጣ ቧንቧ አንድ ቀስቃሽ ነገር ሲነካው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ የውስጥ ግድግዳው ያብጣል፣ ወፍራም አክታም ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው አየር ከማስገባት ይልቅ ማስወጣት ይቸግረዋል፤ ሲር ሲር የሚለው ድምፅም አየሩ በጠበበው ቧንቧ ሲያልፍ የሚሰማ ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ሌሊትና ጎሕ ሲቀድ ነው። ይህም ሰው የሚያድርበት ክፍል አየር ምን ያህል ሊታሰብበት እንደሚገባ ያመለክታል።

አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሕመምተኛውን በዕቃ መለየትም ሆነ ከማዕድ ማራቅ ያለ ምክንያት ማዋረድ ነው። ይሁን እንጂ ሳል ሁሉ አስም አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ስላለበት፣ የልማት ሠራተኛው በራሱ ግምት «ይህ አስም ነው» ብሎ ስም ከመስጠት ተቆጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይገባዋል።

በአገራችን ስለዚህ ሕመም ከተደረጉት ጥናቶች የታወቀው የጅማው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የዚህ ጥናት ውጤት አስም በከተማው ነዋሪ ዘንድ ከገጠሩ ይልቅ በብዛት እንደሚገኝ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ተከታይ ጽሑፍ ደግሞ በቤት ውስጥ ላምባ ማንደድ ከአለርጂ ጋር የተያያዘ ሆኖ መገኘቱን ገልጿል። ይህን ስናነብ ገጠሩ ከአስም ነፃ ነው ብለን እንዳንዘናጋ ያስፈልጋል። በገጠር ያለው ሕመምተኛ ቁጥሩ ቢያንስም፣ ሕመሙ በተነሣበት ሌሊት ከሐኪም ርቆ የሚገኘው እሱ ነው።

ስለ ጭስ

ጭስ ለአስም ሕመምተኛ ዋነኛው ጠላት ነው ብንል አናጋንንም። በጭስ ውስጥ ያለው ረቂቅ ብናኝ ለዓይን የማይታይ፣ በአፍንጫ ጠጉር የማይያዝ፣ እስከ ሳንባው ጫፍ የሚዘልቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮነኛ ነው። በሦስት ጉልቻ በሚነድበት ዝግ ቤት የሚለካው ግን በመቶዎች ይቆጠራል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከዚያም ያልፋል። ይህን ጭስ ከማንም አብልጠው የሚተነፍሱት ጋጋሪዋና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው።

የመጀመሪያው መፍትሔ ገንዘብ የማይጠይቀው ነው፤ ይኸውም ማገዶን ማድረቅ ነው። እርጥብ እንጨት የሚጨሰው እሳቱ ኃይሉን ውኃውን በማትነን ስለሚጨርሰው ነው። እንጨቱ ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ነፋስ እንዲያልፍበት ተደርጎ ተደርድሮ፣ ከላይ በቆርቆሮ ወይም በሣር ከተሸፈነ ለብዙ ወራት ደርቆ ይቆያል። የማሽላ አገዳም እንዲሁ ነው። በዝናብ የበሰበሰ አገዳ ይጨሳል፤ ከመጨሱም በፊት ሻጋታው በራሱ ሕመም ይቀሰቅሳል። የጫት ገረባ ከመቃሚያው እንደተነሣ ሳይደርቅ ወደ እሳት ሲጣል አይተናል፤ ይህ ልማድ መተው አለበት። ማገዶ የሚከመርበት ቦታም ከመኝታ ክፍል ውጭ መሆን ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጭሱ የሚወጣበትን መንገድ ማበጀት ነው። ማድ ቤቱን ከመኖሪያው መለየት ከሁሉ የተሻለ ነው። ይህ ካልተቻለ ከምድጃው በላይ ከጣሪያው ሥር አንድ መስኮት፣ በተቃራኒው ግድግዳ በዝቅታ ሌላ ቀዳዳ ቢከፈት ሞቃቱ ጭስ በላይኛው ይወጣል፣ ንጹሕ አየር በታችኛው ይገባል። አንድ መስኮት ብቻውን እምብዛም እንደማይረዳ ለገበሬው ማስረዳት ያሻል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በዚህም ምክንያት ቀዳዳ ክፈቱ ሲባል ብርድ ይገባል የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ እውነት ነው። መዝጊያ ያለው ቀዳዳ ሠርቶ ምግብ በሚበስልበት ጊዜ መክፈት፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ መዝጋት ይቻላል።

ሦስተኛው የተሻሻለ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ከአሸዋ የሚሠራው፣ ምርጥ ምድጃ የሚባለው የእንጀራ መጋገሪያ እሳቱን ዙሪያውን አጥሮ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። እዚህ ላይ ግን አንድ ስሕተት መታረም አለበት። ማገዶ ቆጣቢ ማለት ጭስ አልባ ማለት አይደለም። ጭስ ማውጫ ቧንቧ ያልተገጠመለት ምርጥ ምድጃ የሚያወጣው ጭስ ቢቀንስም እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። እኛም ራሳችን ምድጃውን ስናስተዋውቅ ስለ ማገዶው ብዙ ተናግረን ስለ ቧንቧው ሳንናገር ያለፍንበት ጊዜ አለ።

ምድጃ ብቻውን ተአምር እንዳይጠበቅበት የማላዊውን ጥናት ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያ አገር ገጠር ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት በተካተቱበት ሙከራ፣ ጭሱ ያነሰ ምድጃ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ሕፃናት በሳንባ ምች መያዛቸው ከሌሎቹ አልቀነሰም። ውጤቱ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ነው። ጥናቱ ስለ ሳንባ ምች እንጂ ስለ አስም አልነበረም፤ ሆኖም ምድጃው ተለውጦ ቆሻሻ በደጅ ሲቃጠል፣ ትምባሆ ሲጨስ፣ የጎረቤት ጭስ ሲገባ የሰው ትንፋሽ እንደማያርፍ ያስተምራል። ስለዚህ ምድጃ ያከፋፈለ ማኅበር ሥራዬን ጨርሻለሁ እንዳይል።

ከዚህ በተረፈ ባቄላና አደንጓሬ ማታ ተዘፍዝፎ ቢያድር፣ ድስትም ተከድኖ ቢበስል እሳቱ የሚነድበት ሰዓት ያጥራል። በርበሬ መቁላትና ቡና መቁላት ሕመምተኛው በሌለበት ወይም በደጅ ቢሆን ይመረጣል። ዕጣንና ሉባንጃ ለብዙ ሰው ደስታ ናቸው፤ ለአስም ሕመምተኛ ግን እንደማንኛውም ጭስ ናቸው። አታጭሱ ብሎ መከልከል ጠብ ይፈጥራል እንጂ ውጤት የለውም፤ ልጁ ውጭ በሚጫወትበት ሰዓት ይጨስ ማለት ግን ተሰሚነት እንዳለው ደጋግመን አይተናል።

ከሰልን በተመለከተ ጭሱ ስለማይታይ የሚያዘናጋ ነው። ከሰል ሲነድ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ያወጣል። የሚነድ ከሰል ይዞ በራፍ ዘግቶ የተኛ ሰው፣ አስም ኖረበት አልኖረበት፣ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

ስለ እህል፣ ስለ ሻጋታና ስለ ነቀዝ መድኃኒት

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላን በጉድጓድ የማስቀመጥ የቆየ ልማድ አለው። ጉድጓዱ በሚገባ ከተደፈነ እህሉና በውስጡ ያሉት ነፍሳት አየሩን ተንፍሰው ስለሚጨርሱት ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ይህ ጥበብ ነው፤ የዛሬው አየር የማያስገባ ከረጢት የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው። የጉድጓዱ ችግር እርጥበት ነው። ከግድግዳውና ከወለሉ ጋር የተነካካው ማሽላ ይሻግታል፤ ጉድጓዱ ተከፍቶ ይህ የሻገተ እህል ወደ ቤት ገብቶ ሲሰጣና ሲበጠር አየሩ በሻጋታ ዘር ይሞላል። የሻጋታ ዘር ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ኃይለኛ ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ የሻገተው ክፍል እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተለይቶ መቅረት አለበት እንጂ ቤት መግባት የለበትም።

ጉድጓድ ሲከፈት ስላለው ሌላ አደጋ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። እህሉ ኦክስጂኑን ጨርሶ ጉድጓዱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሞላው፣ እንደተከፈተ የወረደ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የወረደውም አብሮት ይቀራል። ጉድጓዱ ተከፍቶ ለብዙ ሰዓታት ከነፋስ ጋር እንዲገናኝ መተው፣ የሚወርደውም ሰው ወገቡ በገመድ ታስሮ ከላይ ሁለት ጠንካራ ሰዎች እንዲይዙት ማድረግ ግዴታ ነው። የበራ ኩራዝ ማውረድ ያለ ልማድ ነው፤ ኩራዙ ከጠፋ ማንም አይውረድ፤ ስላልጠፋ ግን አደጋ የለም ማለት አይደለም። አስም ያለበት ሰው ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይታዘዝ።

ሻጋታን ለመከላከል ዋናው መንገድ እህሉን ከመክተት በፊት ማድረቅ ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በሌለበት በጨው መሞከር ይቻላል። ንጹሕና ደረቅ የሆነ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ እህል ይደረግበታል፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመርና ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ይናጣል። ሩብ ሰዓት ከቆየ በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከታየ እህሉ ከ15 ከመቶ በላይ እርጥበት አለውና አይከተትም። ጨው ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ነው። ይሁን እንጂ አየር በማያስገባ ከረጢት የሚከተት እህል ከ13 ከመቶ በታች መሆን ስላለበት፣ ጨው አልተጣበቀም ተብሎ ሳይቸኮል ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ቢጨመርለት ይሻላል።

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ እንመለስ። ማላታይዮንን የመሰሉ የነቀዝ መድኃኒቶች ተባዩን የሚገድሉት የነርቭ ሥራውን በማወክ ነው። ይኸው ባሕርያቸው በሰውም ላይ የአየር ቧንቧን የማጥበብና አክታን የማብዛት ውጤት አለው። በተጨማሪም መድኃኒቱ የተለወሰበት ዱቄት በጣም የላመ በመሆኑ ጆንያው በተነካ ቁጥር ይቦንናል። ጤነኛ ሰው ምንም ሳይመስለው በሚያልፈው መጠን የአስም ሕመምተኛ ሊታፈን ይችላል። ልጁን ያመመው ይህ ብቻ ነው ማለት አንችልም፤ በዚያ ክፍል ጭሱም፣ የእህሉ ብናኝም፣ ሻጋታውም አብረው ነበሩ። መድኃኒት የተነሰነሰበት እህል ሰው በሚያድርበት ክፍል መቀመጥ እንደሌለበት ግን ያለ ማመንታት እንናገራለን።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ክኒኑ ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ አየር ያወጣል። ይህ አየር በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ በጎረቤት ክፍል የተኛን ሰው ሊገድል ይችላል፤ ማርከሻም የለውም። ሠልጥኖ ፈቃድ ካለው ሰው በስተቀር ማንም ሊይዘው አይገባም፤ በመኖሪያ ቤት ደግሞ ሠልጥኖም ቢሆን አይጠቀምበትም። በየሱቁ በወረቀት ተጠቅልሎ በፍሬ ሲሸጥ ያየ የኅብረት ሥራ ማኅበር ዝም ማለት የለበትም።

እነዚህን መድኃኒቶች ከመኝታ ክፍል የምናስወጣው በምን ተክተን ነው? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአገራችን የገባው ፒክስ የሚባለው ከረጢት ጥሩ ምትክ ነው። ሁለት የላስቲክ ከረጢት በውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ በውጭ ሆኖ የተሠራ ነው። የደረቀ እህል ይሞላበታል፣ አየሩ በእጅ እየተጨመቀ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ላስቲክ ለብቻው ጠበቅ ተደርጎ ይታሠራል። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ ዱቄትም ክኒንም አያስፈልግም። ከረጢቱ አይጥ እንዳይበሳው በርብራብ ላይ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ፤ በየቀኑም አይፈታ። ለዕለት ፍጆታ የሚሆነውን ለብቻው ማስቀረት ይሻላል። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ቢሆንና እህሉን ማውጣት ባይቻል እንኳ፣ በዚህ ከረጢት ያለ እህል አይቦንንም፣ አይሸትምም። ዋጋው ከተራ ማዳበሪያ ስለሚበልጥ አንድ ገበሬ ብቻውን ከሚፈልገው ማኅበሩ በአንድነት ቢያስመጣው ይቀላል።

መውቃት፣ ማንፈስ፣ ማበጠርና ኦቾሎኒ መፈልፈል በደጅ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። አፍና አፍንጫን በነጠላ መሸፈን ትልልቁን አቧራ ያግዳል፤ ረቂቁን ጭስና የመድኃኒት ትነትን ግን አያግድም። ይህን ልዩነት ገበሬው ማወቅ አለበት፤ አለበለዚያ ነጠላውን ተማምኖ መርዝ ይረጫል።

ስለ ከብትና ስለ መኝታ

የሚደልበው በሬ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረው ስለ ሌባና ስለ ጅብ ነው፤ ስለዚህ አውጡት ማለት ብቻ አይበቃም። በመካከል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ግድግዳ ማቆም፣ ለከብቱ የራሱን በር መክፈትና ፍጉን በየቀኑ ማውጣት የሚቻል ነገር ነው። በኦስትሪያ፣ በጀርመንና በስዊዘርላንድ ተራሮች የተደረጉ ጥናቶች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከከብት ጋር ያደጉ ልጆች አስምና አለርጂ እንደሚያንስባቸው አሳይተዋል። ነገሩ እውነት ነው። ሆኖም ሕመሙ አንዴ ለያዘው ልጅ የከብቱ ሽንትና ጠጉር መድኃኒት አይሆነውም።

በምንጣፍ፣ በትራስና በፍራሽ ውስጥ ለዓይን የማትታይ ጥቃቅን ተባይ ትኖራለች፤ ኩሷ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። እርጥበት ትወዳለች። መኝታን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማራገፍ፣ አንሶላና ልብስን በሳምንት አንድ ጊዜ እጅ በሚያቃጥል ሙቅ ውኃ ማጠብ ይቀንሳታል። ወለል ሲጠረግ ውኃ ይረጭበት፣ ሕመምተኛውም ይውጣ። የበረሮ ኩስም እንዲሁ ቀስቃሽ ስለሆነ የምግብ ትራፊ አይደር፤ በረሮን ለማጥፋት ግን መርዝ መርጨት ሌላ ቀስቃሽ መጨመር ነው።

የአልጋ አጎበር ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ወባ ባለበት ቀበሌ አስምን ፈርቶ አጎበር መተው ታላቅ ስሕተት ነው፤ ትምህርታችን እንዲህ ተብሎ እንዳይተረጎም እንጠንቀቅ።

ስለ ጫት መቃሚያ ክፍል ብዙ አንልም። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ከሰሉ ተያይዞ፣ ሲጋራና ሺሻ እየተጨሰ ከቀትር እስከ ምሽት የሚቀመጥበት ክፍል ለአስም ሕመምተኛ አይሆንም፤ ልጅም እዚያ አይገባም። ጉንፋንም፣ ብዙ ጊዜ ሕመሙን የሚያስነሣው፣ እንዲህ ባለው ዝግ ክፍል በቀላሉ ይዛመታል።

እንዴት እናስተምር?

ሕዝብ ሰብስቦ አንድ ሰዓት መናገር ከሁሉ የቀለለው፣ ውጤቱም ያነሰው ዘዴ ነው። በድሬ ጠያራ ትምህርቱ በኦሮምኛ ቢሰጥ፣ ከምድጃው ጋር የሚውሉት ሴቶች ስለሆኑም ስብሰባው እነሱ በሚገኙበት ሰዓትና ቦታ ቢሆን ይበጃል። ከወንዶቹ ጋር ስለ መስኮትና ስለ ግድግዳ መነጋገርም አይቀርም፤ የሚገነቡት እነሱ ናቸውና።

ማሳየት ከመናገር ይበልጣል። ሁለት ነጭ ጨርቆች ይረጠቡና አንዱ ጭስ በሚበዛበት ማድ ቤት፣ ሌላው በደጅ ለአንድ ቀን ተሰቅለው ይዋሉ። በማግስቱ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ ለተሰበሰበው ሰው ማሳየት ነው። በአንዱ ላይ የተቀመጠው ጥላሸት ሳንባ ውስጥ ከሚገባው ጋር አንድ መሆኑን ሲረዱ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ለእህል አቧራ ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ በሚገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ አንድ ጆንያ መታ ማድረግ ይበቃል።

በአንድ ጉብኝት አንድ ነገር ብቻ ይመከር። አሥር ነገር የታዘዘ ቤት አንዱንም አይሠራም። የትኛውን እናስቀድም ለሚለው ጥያቄ የመድኃኒት እህሉን ከመኝታ ክፍል ማስወጣት፣ ቀጥሎ የማገዶ ማድረቂያ ርብራብ፣ ከዚያም የጭስ መውጫው የሚለው ተራ በእኛ ልምድ ሠርቷል።

ለውጡን ለመከታተል ማንበብ የማይችል ቤተሰብም ሊይዘው የሚችል መዝገብ አለ። ሕመምተኛውን ሌሊት ባፈነው ቁጥር በገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጠራል፤ በየወሩ መጨረሻ አዲስ ገመድ ይጀመራል። በመግቢያው ባነሣነው ቤት የመጀመሪያው ወር ገመድ ዘጠኝ ቋጠሮ ነበረው። ማሽላው ወደ ጎን ክፍል ከተዛወረና ርብራቡ ከተሠራ በኋላ ባለው ወር አራት ሆነ። በዚያው ወር ግን ልጁ ከጤና ጣቢያ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ጀምሯል፤ ስለዚህ ቋጠሮውን የቀነሰው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ አንድ ቤትም ማስረጃ አይሆንም። ጉልቻው አሁንም እቦታው ነው። አያቱ እሳት ከቤት አይወጣም ብለዋል። እናቱ ግን በየወሩ ገመዱን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ሐኪሙም መጠኑን ሲወስን ይቆጥረዋል።

ሕመሙ ሲበረታ

ቤትን ማጽዳት መድኃኒትን አይተካም። ጭስ ስለቀነሰ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሕመምተኛ ወደ አደጋ ይገባል። ሕመሙ ሲነሣ ሰውየውን ከጭሱና ከአቧራው አውጥቶ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ እንጂ ማስተኛት አይገባም፤ በሐኪም የታዘዘለት የሚሳብ መድኃኒት ካለ ወዲያው ይሰጠው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካቃተው፣ የጎድን አጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም መድኃኒቱ ካላስታገሠው ነገ እስኪነጋ አይጠበቅም። የቅርቡ ጤና ጣቢያ ካልቻለ ሐረር ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል ይወሰድ። ማኅበሩ ለዚህ ሌሊት የሚሆን ባለ መኪና ወይም ባለ ባጃጅ ስልክ ቁጥሩን አስቀድሞ ይዞ፣ በሱቁ በር ላይ ቢለጥፍ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ትምህርቱ የሚሰጥበት ወቅት

ማሽላ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሆነ፣ ስለ እህል ማድረቅና ስለ ከረጢት የሚሰጠው ትምህርት በጥቅምት ማለቅ አለበት። ጉድጓድ የሚከፈተው ቤት ያለው እህል ሲያልቅ ነው፤ ስለዚህ ስለ ሻገተ እህልና ስለ ጉድጓድ አደጋ በሚያዝያ ይነገር። በክረምት ሰው በቤት ውስጥ ይውላል፣ እሳቱም አይጠፋም፣ እንጨቱም እርጥብ ነው። ለነሐሴ የሚሆነው ማገዶ ግን መድረቅ ያለበት በጥርና በየካቲት ነው። የልማት ሠራተኛው ስለ ደረቅ ማገዶ በነሐሴ ቢያስተምር የሚሰማው ሰው ያገኛል፤ የሚደርቅ እንጨት ግን አያገኝም። ኅብረት ሥራ ማኅበሩም የከረጢቱን ትእዛዝ እስከ መስከረም መጨረሻ ቢያስተላልፍ ለኅዳር አጨዳ ይደርሳል።